አጥሩ ሳይቆም ፋይሉን እንየው

ይህ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ አዳራሽ፣ ስለ አንድ የግል መዝናኛ ፓርክ ጥያቄ ለነዋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ ከሜዳው ማዶ ካለው ቀበሌ በእግራችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ነገሩ ከማንም በፊት የሚነካው እናንተን ስለሆነ ፊት ለፊት ያለው ወንበር የእናንተ ነው። እባካችሁ ወደፊት ጠጋ በሉ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከከተማችን ዳር፣ ወንዙ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ አንድ ባለሀብት መዝናኛ ፓርክ ልሥራ ብሎ ጠይቋል። መዋኛ፣ የልጆች መጫወቻ፣ ምግብ ቤት፣ የሠርግ አዳራሽ፣ የመኪና ማቆሚያ። ፋይሉ አሁን ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ነው። ገና አልተወሰነም። በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ አንድ ነገር በደንብ አውቃለሁ፦ ሕዝብ ጉልበት ያለው በዚህች "ገና አልተወሰነም" በምትባለው ጊዜ ብቻ ነው። ርክክብ ተደርጎ አጥር ከቆመ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ አቤቱታ ነው የሚባለው፣ አቤቱታ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። እኔ ፓርኩ ቢሠራ ደስ ይለኛል። ወጣቱ ማታ የሚሄድበት የለውም፣ ያለው ፑል ቤት፣ ድራፍት ቤትና ጫት ቤት ነው። ልጆቻችን ኳስ የሚጫወቱት ባጃጅ እየሸሹ ነው። እሑድ ከሰዓት አንድ አባት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣበት ቦታ ፈልጎ ያጣል። ይህ ቀላል ችግር አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ባለሀብቱን ለማባረር አይደለም። አባቶች "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይላሉ። ስብሰባ ላይ የተገባልን ቃል ሁሉ ውሉ ውስጥ ካልገባ፣ ካርታው ላይ ካልተሠመረ፣ ነገ የሚጠይቀን እንጂ የምንጠይቀው ሰው አናገኝም። የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፣ አስጽፉ።

መጀመሪያ ፋይሉ በየት በየት እንደሚያልፍ ላስረዳ። ባለሀብቱ ፕሮፖዛሉን ለኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ያስገባል። መሬት ጽሕፈት ቤት ቦታው የማን ይዞታ እንደሆነ ያጣራል። ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የተጠየቀው አገልግሎት ከከተማው መዋቅራዊ ፕላን ጋር ይስማማ እንደሆነ ያያል። አካባቢ ጥበቃ ፕሮጀክቱ በአካባቢው ላይ ምን እንደሚያደርስ የሚያሳየውን የተጽዕኖ ጥናት ይገመግማል። መጨረሻ ላይ ውሳኔ ሰጪው አካል ፊት ይቀርባል። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ገጽ ብቻ አይቶ ማኅተም ሊመታ መቻሉ ነው፣ መሬት ቢሮ ውሃውን አያይም፣ አካባቢ ጥበቃ የመግቢያ ዋጋውን አያይም፣ ሁሉንም ባንድ ላይ የሚያየው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው።

ይህ ሰው ደግሞ እንዲጠየቅ ሕግ ያዛል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ሕዝብ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ እንዲሳተፍና ሐሳቡ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አንቀጽ 92 በቀጥታ የሚነካቸውን የአካባቢ ፕሮጀክት በሚመለከት ሰዎች ሐሳባቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲገልጹ ያዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ ከዚህ ወርዶ ዝርዝሩን ያስቀምጣል። በአንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይ ፕሮጀክቱ የሚነካቸው ሰዎች የሰጡት አስተያየት ሪፖርቱ ውስጥም በግምገማው ውስጥም እንዲካተት አዟል። ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። ቢሮ ስትሄዱ "ሕጉ ይፈቅድልኛል" ከማለት "አዋጅ 299 አንቀጽ 15" ማለት በር ቶሎ ያስከፍታል።

ጥናቱን ስታነቡ አንድ ነገር አትርሱ። አጥኚውን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ባለሀብቱ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፣ ሌብነት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከፋይ ያለው ጥናት የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የዘለለውንም ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ስብሰባ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። የትኛው ቦታ እንደሆነ አልናገርም። ለአንድ ፕሮጀክት ሕዝብ ተጠራ። ሲገቡ የመገኛ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ባለሀብቱ ባማሩ ሥዕሎች አስረዳ፣ ሰዎች ጠየቁ፣ አንዳንዶቹም ተቃወሙ። ከጊዜ በኋላ ፋይሉ ውስጥ የተገኘው ቃለ ጉባኤ ግን "ኅብረተሰቡ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል" ይላል። ከሥሩ የተያያዘው ያ የመገኛ ፊርማ ነው። ተቃውሞውም ጥያቄውም የለም። አይቼው አንጀቴ ነው የተቃጠለ። እባካችሁ፣ ቃለ ጉባኤው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሳይነበብ ፊርማችሁን አታኑሩ። መገኘታችሁን ስትፈርሙም ከስማችሁ ጎን "ተገኝቻለሁ" ብላችሁ ጻፉ። ጥያቄያችሁ በስማችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ። ስልክ ያለው ልጅ የተነበበውን ገጽ ፎቶ ያንሣ።

ስብሰባው መቼ እንደሚጠራም ተመልከቱ። በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ከተጠራ ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና ከብት የሚጠብቁት ልጆች አይመጡም። ሜዳውን ከማናችንም በላይ የሚያውቁት ግን እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሜዳው እንሂድ።

ይህን ሜዳ በየካቲት የሚያይ ሰው ደረቅ ሜዳ ነው የሚያየው። ዋልካው ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይኖረዋል። ሣሩ ተግጦ አልቋል። "ባዶ መሬት" ብሎ መጻፍ ያምራል። በሐምሌ መጨረሻ ኑና እዩት። ከወንዙ ሞልቶ የወጣው ውሃ ጨፌውን ሸፍኖ፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ወፉ ምኑ ተሰብስቦበት ነው የምታገኙት። ጨፌው ክረምት ላይ ውሃውን ይይዛል፣ በጋ ላይ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከታች ያለችው ምንጭ ሚያዝያ ላይ እንኳ የማትደርቀው ለዚህ ይመስለኛል። ጥናቱ የተሠራው በየትኛው ወር እንደሆነ ጠይቁ። በጋ ላይ ብቻ ከታየ ግማሹ ቦታ አልታየም ማለት ነው። እዚህ ጨፌ ላይ አፈር ሞልተው አዳራሽ ቢሠሩ ዋልካው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ያ የባለሀብቱ ኪሳራ ነው። ከጨፌው የተገፋው ውሃ ግን ወደታችኛው ሰፈር ነው የሚሄደው።

ሁለተኛው የሜዳው ጉዳይ ጥምቀት ነው። ታቦታቱ የሚያድሩት እዚህ ነው። ድንኳኑ የሚተከለው፣ ሕዝቡ የሚያድረው፣ ወጣቱ የሚዘፍነው እዚህ ነው። የኢትዮጵያ የጥምቀት በዓል በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ በዓሉ ደግሞ ያለ ሜዳ አይከበርም። ጎረቤቶቻችንን አዊዎችን ተመልከቱ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲያከብር ያን ሁሉ ፈረስ የሚያስጋልብ ሜዳ ስላለ ነው። ሜዳው ቢሸነሸን ፈረሱ የት ይሮጣል? ባለሀብቱ "ለጥምቀት በሩን እከፍታለሁ" ብሏል አሉ። ጥሩ ሰው ይመስላል፣ የሚያደርገውም ይመስለኛል። ግን ፓርኩን ነገ ቢሸጠውስ? ልጁ ቢወርሰውስ? የታቦት ማደሪያው ከነመንገዱ ከመጀመሪያው ከአጥሩ ውጭ ይሁን። ካርታው ላይ በቀይ ይሠመር። ከዚያ ማንም መጣ ማን ለውጥ የለውም።

ስለ ውሃ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም በጥናቶች ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈው እሱ ነው፣ "ውሃ ከከተማው መስመር ይቀርባል" ተብሎ። እስኪ አብረን እናስላ። 25 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ወርድ፣ በአማካይ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው መዋኛ 450 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። 450,000 ሊትር ነው። በምናውቀው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 22,500 ጀሪካን። ይህ አንዴ ለመሙላት ብቻ ነው። በበጋ ፀሐይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢተን ሌላ 1,500 ሊትር በየቀኑ መተካት አለበት። 75 ጀሪካን ማለት ነው። ለመታጠቢያው፣ ለመጸዳጃው፣ ለወጥ ቤቱና ለሣሩ የሚሆነውን ገና አልጨመርንም። እኛ ደግሞ በወረፋ ውሃ የምናገኝ ሰዎች ነን።

እንግዲህ መዋኛ አይሠራ ልል ነው? አይደለም። ልጆች ዋና ቢለምዱ ደስታዬ ነው፣ በየክረምቱ ወንዝ ስንት ልጅ እንደሚወስድብን እናውቃለን። ግን ማጣሪያ ተክሎ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ይጠቀም። በየሳምንቱ እየደፋ የሚሞላ ከሆነ አይሆንም። የራሱን ጉድጓድ ይቆፍር ከተባለም የፓምፕ ሙከራው በበጋ ይደረግ፣ በሙከራው ጊዜም ምንጭዋ ትለካ። ብዙ ውሃ የሚስብ ጉድጓድ ከአጠገቡ ያለ ምንጭ ሊያደርቅ ይችላል። ጉድጓዱ ላይ ቆጣሪ ይግጠም፣ ንባቡንም ውሃ አገልግሎት በየወሩ ይመዝግበው። ውሃው ሲደፋ የት ነው የሚሄደው የሚለውንም ጠይቁ። ክሎሪን ያለበት ውሃ እንዳለ ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ አሣውንም እንቁራሪቱንም ይጎዳል፣ ከብቱም እዚያው ነው የሚጠጣው። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከምንጭዋ በላይ ነው ወይስ በታች? ሳይት ፕላኑ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ "እዚህ ነው?" በሉ። አሁን ባለው ንድፍ ከላይ ነው። ወደ ታች መውረድ አለበት፣ ከምንጭዋም መራቅ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ አጥር። ባሕር ዳር ሄዳችሁ ጣናን ለማየት ስትሞክሩ ምን እንደሚያጋጥማችሁ ታውቃላችሁ። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኗል፣ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ዳርቻው አካባቢ ብዙ ቦታ ላይ ውሃውን ለማየት የአንድ ግቢ በር አልፎ አንድ ለስላሳ ማዘዝ ነበረብን። ያንን ያደረገ አንድ ትልቅ ውሳኔ አልነበረም። አንድ በአንድ፣ ለየብቻው የተፈቀደ አጥር ነው። የእኛ ወንዝ ትንሽ ነው። አንድ አጥር ይበቃዋል።

ስለዚህ ከወንዙ ዳር ያለው የእግር መንገድ ክፍት ይሁን። ሴቶች ወደ ምንጭዋ የሚወርዱበት መንገድ ክፍት ይሁን። ከዚህ ባለፈ ደግሞ የመግቢያ ዋጋው ውሉ ውስጥ ይግባ። ባለሀብቱ ነጋዴ ነው፣ ማትረፍ አለበት፣ በዚህ አልወቅሰውም። ቦታውን ያገኘው ግን ለከተማው ሕዝብ መዝናኛ እሠራለሁ ብሎ ነው። እንግዲያው የቀን ሠራተኛ ልጁን ይዞ የሚገባበት ቀን ይኑር። ትምህርት ቤቶች በሳምንቱ የሥራ ቀናት ያለ ክፍያ የሚያመጡበት ሰዓት ይጻፍ። ከባለሀብቱ ጋር ስነጋገር ይህ አይከብደኝም ብሎኛል፣ ሰኞና ማክሰኞ እንደሆነ ባዶ ነው የሚውለው። የማይከብድ ከሆነ መጻፉም አይከብድም።

ከሁሉ የምፈራው ግን ሌላ ነው። ታጥሮ የሚቀር መሬት። ሁላችሁም በየከተማው መግቢያ ቆርቆሮ አጥርና የዛገ ታፔላ አይታችኋል። ታፔላው ላይ ሪዞርት ተሥሏል፣ ውስጡ አረም ነው። ገበሬው ተነሥቷል፣ ከብቱ ተከልክሏል፣ የተቀጠረው ሰው አንድ ዘበኛ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቦታው በአንድ ጊዜ አይሰጥ። መጀመሪያ የሠርግ አዳራሹ፣ ምግብ ቤቱና የልጆች መጫወቻው የሚያርፉበት ደረቅ ከፍታ ይሰጠው። ያንን በጊዜው ሠርቶ ሲያሳይ ቀሪው ይከተል። የመጀመርያና የማጠናቀቂያ ጊዜው በቀን ይጻፍ፣ ካልተፈጸመ ቦታው ወደ መሬት ባንክ፣ ማለትም ወደ መንግሥት የመሬት ክምችት፣ እንዲመለስ ይጻፍ። የባንክ ብድር ማረጋገጫውንም ዛሬውኑ ያሳይ።

የተነሺ ገበሬዎችን ነገር አላለባብሰውም። የሜዳው ዳር ላይ የመሬት ይዞታ ደብተር ያላቸው ባለይዞታዎች አሉ። ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ ይዞታ ሲወሰድ አስቀድሞ ተመጣጣኝ ካሳ ይከፈላል፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይህን ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ደግሞ በሚለማው ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በግልም ሆነ በጋራ ማልማት ከቻሉ ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት እነዚህ ሰዎች መነሣትም የለባቸውም፣ ባለሀብቱ ያለ እነሱ መሬት ፓርኩን መሥራት ይችላል፣ ንድፉ ላይ የእነሱ ማሳ የተነካው ለመኪና ማቆሚያ ነው። ለመኪና ማቆሚያ ሰው ከማሳው አይነቀልም።

ስለ ድምፅ አንድ ቃል፦ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው፣ ስፒከር የሚዘጋበት ሰዓት ይወሰን። ስለ ሥራ ዕድል ደግሞ "ለብዙዎች የሥራ ዕድል ይፈጥራል" የሚለውን ትታችሁ፣ ግንባታው ሲያልቅ በቋሚነት ስንት ሰው፣ በምን ሙያ፣ ከየት ይቀጠራል ብላችሁ ጠይቁ።

ገምጋሚው አካል ሦስት ምርጫ አለው። ያለ ቅድመ ሁኔታ መፍቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ መፍቀድ፣ ወይም አለመፍቀድ። አዋጁ ላይ የተቀመጠው ይኸው ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከተማው መዝናኛ ያግኝ፣ ጨፌው፣ ምንጭዋና የጥምቀቱ ሜዳ ከአጥር ውጭ ይቅሩ። ባለሀብቱም ቢሆን ይጠቀምበታል። ዘንገና የሚሄድ ሰው የሚሄደው ለሐይቁና ለዛፉ ነው። እዚህም ወንዙና ሾላው ከጠፉ የሚመጣ እንግዳ አይኖርም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ላካፍላችሁ።

አንድ አባት ተነሥተው "ልጄ፣ አሁን እኛ ብንናገር ማን ይሰማናል? የተወሰነ ነገር አይደለም ወይ?" አሉኝ። አባቴ፣ አልተወሰነም። ፋይሉን አይቼዋለሁ፣ የአካባቢ ጥበቃ ፊርማ የለበትም። ያለዚያ ፊርማ ግንባታ ከተጀመረም ሕግ መጣስ ነው። በዚያው በ1995 የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ አንድ ሰው አካባቢን የሚጎዳ ነገር ሲያይ፣ ጉዳቱ በግሉ ባይደርስበትም እንኳ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ ወይም በመልሱ ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እርስዎ ብቻዎን ይበቃሉ። ከሰፈሩ ጋር ሆነው ቢሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው።

አንዲት እህት ደግሞ "እኔ ማንበብ አልችልም፣ ካርታውን ባየው ምን ይገባኛል?" ብላ ጠየቀች። እህቴ፣ ካርታው ማዘጋጃ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቃል ተገብቶልኛል። እስከዚያ አንድ ሐሳብ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከባለሙያዎቹና ከባለሀብቱ ጋር ሜዳው ላይ እንገናኝ። የአጥሩን መስመር በችካልና በገመድ ያሳዩን። አንቺ በየቀኑ የምትሄጅበትን መንገድ ከቤትሽ እስከ ምንጭዋ ትሄጂበታለሽ። ገመዱ እግርሽን ከያዘሽ እዚያ ላይ ቁሚ፣ ባለሙያው ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል። ከብት የሚጠብቁትንም ልጆች ይዛችሁ ኑ። ቃለ ጉባኤው እዚያው ሜዳው ላይ ይጻፍና ይነበብ፣ ከዚያ እንፈርማለን።